የኦቹዶ «ባይ ዘ ዌይ»

በዚያ ዘመን ጋምቤላ ውስጥ ፈረንጅ ዘንድ ጉዳይ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ኦቹዶ ዘንድ ነበር። ክልሉ ገና «ክልል ዐሥራ ሁለት» እየተባለ በቁጥር ይጠራል። አዲስ የተቋቋመው ቢሮ ሁሉ ማኅተሙ ከወንበሩ ቀድሞ ደርሶለት ኃላፊዎቹ ቆመው ይፈርማሉ። ኦቹዶ ከነዚህ ቢሮዎች በአንዱ ታይፒስት ነው፤ አስተርጓሚም ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ከጎረቤት ቢሮ ወንበር የሚዋሰው እሱው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሃምሳን የተጠጋ ሰው። ማለዳ ሥራ ሳይገባ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይጽፋል። ዋጋ አይጠይቅም። አንዱ ከባሮ ያወጣውን ዓሣ ይዞለት ይመጣል፣ ሌላው ምርቃት ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱንም እኩል አመስግኖ ይቀበላል።

ደብዳቤው ሥርዓት ነበረው። ሰላምታ ይቀድማል። ከሰላምታ ቀጥሎ ምስጋና፣ ከዚያ ዝናቡ፣ የባሮ ሙላት፣ የበቆሎው ነገር፣ ትንሽ ጸሎት። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ከገጹ ግርጌ፣ ከፊርማው በላይ፣ «ባይ ዘ ዌይ» ብሎ ዋናውን ጉዳይ ያስገባል። እኛ «በነገራችን ላይ» የምንለው ነው። ይህችን ሐረግ ይወዳት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ይኮራባትም ነበር። ከተማው ውስጥ እንግሊዝኛ የሚሞካክሩ ሌሎች ጸሐፊዎች አሉ፤ «ባይ ዘ ዌይ»ን ግን እንደሱ ቦታዋ ላይ የሚያስቀምጣት የለም ብሎ ያምናል።

ሐረጓን ያገኛት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ልጅ ሳለ ኳስ ሲጠልዝ የጸሎት ቤቱን መስኮት ሰበረ። አሮጊቷ ፈረንጅ መምህርት ጠሩት። ብስኩት ሰጡት፣ ስለ እናቱ ጤና ጠየቁት፣ ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ ጠየቁት፣ ዘምር ብለው አዘመሩት። አመስግኖ በሩ ጋ ሲደርስ፣ «ባይ ዘ ዌይ ኦቹዶ፣ መስኮቱን ማን ሰበረው?» አሉት። ብስኩቱ ጉሮሮው ላይ ቀረ። ያን ቀን ፈረንጅም እንደ አባቱ መሆኑን ተረዳ። ጎግ በኩል ባለው የአባቱ ግቢ እንግዳ ገብቶ ይቀመጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ስለ ማሽላውና ስለ ዓሣው ይጫወታል፤ የመጣበትን የሚናገረው ሊነሣ ሲል ነው። በዚያ ግቢ ጉዳዩን ከሰላምታ በፊት የሚናገር ሰው መርዶ ሊያረዳ የመጣ ብቻ ነው። እንግዲህ ኦቹዶ ምን ይጠራጠር? አባቱም፣ መምህሯም፣ የደገኛው አማርኛም በአንድ ቃል ተስማምተውለታል።

በ1986 ዓ.ም. ሐምሌ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሰብስቤ በረንዳው ላይ ቆሞ ጠበቀው። ሰብስቤ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ አቦቦ አካባቢ የተተከለ ገበሬ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጁ ቤርሳቤ ከአልዌሮ ግድብ በታች ሩዝ ማሳ ውስጥ ወፍ ስትጠብቅ እባብ ነደፋት። መርዙስ አልገደላትም፤ እግሯ ግን ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሮ ጠቁሮ መሽተት ጀመረ። በእርሻ ትራክተር ተጎታች ላይ ጭኖ ጋምቤላ አደረሳት። ያያት ሐኪም ቁርጡን ነገረው። አዲስ አበባ ደርሳ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት እግሯም ሕይወቷም አይተርፍም። የጎሬ መንገድ በጭቃ ተቆርጦ መኪና ካቆመ ሳምንት አልፎታል። ያለው የአንድ የእርዳታ ድርጅት ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፣ ዕቃ አራግፎ ይመለሳል። ማን እንደሚሳፈር የምትወስነው የድርጅቱ ኃላፊ ሚስ ኢንግሪድ ናት። ኦቹዶ ሰኞ ዕለት ደብዳቤ ጽፎለት ነበር፤ ረጅም፣ ንጹሕ፣ አንድም ስርዝ የሌለበት ደብዳቤ።

«ጋሼ ኦቹዶ፣ መልስ የለም» አለ ሰብስቤ። ዓይኑ ደም ለብሷል። «ማክሰኞ ጠበቅሁ፣ ረቡዕ ጠበቅሁ። ልጂቱ ሌሊቱን ስትቃዥ ነው ያደረች። ዛሬ ካልሄደች እንግዲህ ሌላው ሐሙስ ነው፤ ሌላ ሐሙስ ደግሞ የላትም።»

ኦቹዶ ሰብስቤ ከሐኪም ቤት በቃሬዛ አስመጥቶ በረንዳው ላይ ያስተኛትን ልጅ አየ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍናለች፤ በጋቢ የተሸፈነው እግሯ ላይ ዝንብ እሽ ቢሉትም አይሄድም። ሽታው ቃሬዛው አጠገብ አላስቆም አለው።

«መኪናው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ አራት ሰዓት ይወጣል። አሁን ስንት ነው? ሁለት ተኩል» አለ። «ና፣ እንሂድ። ልጅን ተሸከም፣ እኔ በዚህ በኩል እይዛለሁ።»

የድርጅቱ ግቢ ከድልድዩ ማዶ ነው። ባሮ ደፍርሶ ሞልቷል፣ ግንድ እየነዳ ይወርዳል። ሁለቱ ሰዎች ቃሬዛውን ይዘው ድልድዩን ሲሻገሩ ኦቹዶ ስለ ወንዙ አላሰበም። የሚያስበው ስለ ሚስ ኢንግሪድ ነበር፤ የሚያስበውም በቂም ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ያቺን ሴት ሰላም ብሏት አያውቅም። ገበያ ውስጥ ካያት መንገድ ይቀይራል። ባለፈው ኅዳር የገዛ ባለቤቱ አጅዋንግ ሆዷ ውስጥ ዕጢ አብጦ ስትሠቃይ ለዚህችው ሴት ጽፎ ነበር። በሕይወቱ የጻፈው ቆንጆ ደብዳቤ እሱ ነው። መልሱ አበባ የተሣለበት ካርድ ሆነ። «ስለ መልካም ደብዳቤዎ ከልብ አመሰግናለሁ» ይላል ካርዱ፣ ሌላ ምንም የለውም። አጅዋንግ ካርዱን ትራስጌዋ አድርጋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ታኅሣሥ ላይ ሞተች። ኦቹዶ ለሌላው ሰው ለዚያ ቢሮ መጻፉን አላቆመም፤ ለሰው ጉዳይ ነውና። ራሱ ግን በዚያ በር አልገባም ብሎ ምሎ ነበር። አሁን በእግሩ እየሄደ ነው፣ ላቡ በሸሚዙ ኮሌታ እየወረደ።

በሩ ላይ «ጉዳይ በጽሑፍ ብቻ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት ሰው ግቢውን እየሞላ ሥራ ስላስቸገራት ሚስ ኢንግሪድ ያወጣችው ደንብ ነው። ዘበኛው ቃሬዛውን አይቶ አዘነ፤ ግን አላሳለፈም። «ወረቀት ይዛችሁ ኑ፣ እኔ እንጀራዬ ነው» አለ። ደግነቱ ጸሐፊዋ ፌበን ከበሩ ጎን ወደ ውጭ ባለው የቢሮዋ መስኮት አየቻቸው። ፌበን የከተማው ልጅ ናት፣ ከኦቹዶ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች።

«ወንድም ኦቹዶ! ምን ሆናችሁ?»

«ሰኞ የጻፍኩት ደብዳቤ የት ሄደ? አይተሻል? ስለዚህ ልጅ ነበር።»

ፌበን ግራ ገባት። «ያንተ ደብዳቤ? ስለ ዝናቡና ስለ ድልድዩ የሚለው? ወዲያው ነው የሰጠኋት፤ አንብባዋለች።» ገብታ ሦስት ፋይል አቅፋ ወደ መስኮቱ መጣች። ቀዩ የዕለቱ ነው፤ አስቸኳይ። አረንጓዴው በወሩ ውስጥ የሚታይ። ቢጫው የምስጋናና የሰላምታ። ቀዩን ገለጠች፣ የለም። አረንጓዴውን ገለጠች፣ የለም። የኦቹዶ ደብዳቤ ቢጫው ውስጥ ከላይ ተቀምጧል፤ ጠርዙ ላይ በእርሳስ «ደስ የሚል ደብዳቤ። ካርድ ይላክ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ሚስጥር ነው፣ እኔ አሳየኋችሁ እንዳትሉ» አለች ፌበን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አስቸኳዩን የምትለየው ከመጀመሪያው መስመር ነው። በቀን ስድሳ ደብዳቤ ይመጣል። አንተ ደግሞ መጨረሻ ላይ 'ባይ ዘ ዌይ' ብለህ ነው የጻፍከው፤ ፈረንጆቹ እንዲህ ሲጻፍ ትንሽ ነገር ነው ይላሉ። ባይነገርም የሚሆን፣ ድንገት ትዝ ያለህ ነገር። ሲያወሩ ሌላ ነው፣ ሲጽፉ ግን እንደዚያ ነው። ነግራኛለች አንድ ቀን።»

የኦቹዶ ዓይን ሰኞ ከጻፈው ወረቀት ሥር ከተደራረቡት መካከል ጠርዙ ብቅ ያለ ሌላ ወረቀት ላይ ተተክሏል። የገዛ እጅ ጽሑፉን ከሩቅም ይለየዋል። ጎትቶ አወጣው። የኅዳሩ ደብዳቤ ነው። ከላይ እስከ ታች ሰላምታና ምስጋና፣ የዓመቱ በቆሎ ማማር፣ መዝሙረ ዳዊት፤ ከግርጌው «ባይ ዘ ዌይ፣ ባለቤቴን አጅዋንግን ሆዷን አሟታል፤ አውሮፕላኑ ቢወስዳት መልካም ነበር» ይላል። ጠርዙ ላይ በእርሳስ፦ «ካርድ ተልኳል። ስንገናኝ ስለ ሚስቱ መጠየቅ።»

ስንገናኝ። እሱ ደግሞ ስምንት ወር መንገድ እየቀየረ ኖሯል።

የመስኮቱን ደፍ ያዘ። ሴትዮዋ አልከለከለችውም፤ አልናቀችውም፤ እንዲያውም እንደጻፈላት አንብባዋለች። አጅዋንግን ከግርጌ ያስቀመጣት እሱ ነው፣ በዚያች በሚኮራባት ሐረግ። ሆዱ ውስጥ የነበረው ቂም በአንድ ጊዜ ዞሮ ወደ ራሱ መጣ። ከኋላው ቤርሳቤ በቅዠት «እማዬ ወፎቹ» አለች፤ እናቷ የቀረችው አቦቦ ነው።

«ጋሼ ኦቹዶ፣ ሰዓቱ!» አለ ሰብስቤ።

ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆኗል። ግቢው ውስጥ ሾፌሩ የላንድክሩዘሩን ኮፈን ከፍቶ ዘይት ያያል። ኦቹዶ የኅዳሩን ደብዳቤ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «ፌበን፣ ወረቀት ስጪኝ። እስክሪብቶ።»

የመስኮቱ ደፍ ላይ ተደግፎ ጀመረ። እጁ ሳያዘው ራሱ ጻፈ፦ «ክብርት ሚስ ኢንግሪድ፣ በጌታ ስም ሰላምታዬ...» ቀደደው። ሁለተኛ ወረቀት ተቀበለ። «በቅድሚያ ለደህንነትዎ...» እሱንም ቀደደው። ሠላሳ ዓመት የተገራ እጅ እንዲህ በዋዛ አይታዘዝም። ሰብስቤ እየተቀደደ የሚወድቀውን ወረቀት ሲያይ ልቡ ቀለጠ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ሰላምታ አልጽፍም። ልጅን መጀመሪያ እጽፋለሁ።»

«ያለ ሰላምታ?» ሰብስቤ የኦቹዶን እጅ ያዘ። «በሞቴ ጋሼ፣ እንዲህ አታድርገኝ! ትልቅ ሰው ናት፤ እንደ ዘመቻ ዘሎ መግባት ይሆናል? ብትቆጣስ? ነውር ሠርተህ ልጄን ታስከለክለኛለህ! ከሷ ሌላ ልጅ የለኝም እኮ!»

«ሰብስቤ፣ ወንድሜ፣ እጄን ልቀቅ።»

«አልለቅም! ሰኞ በሰላምታ ተጽፎ ያልሆነ ዛሬ በስድነት ይሆናል?»

ኦቹዶ ፊቱን አዞረና አየው። ለዚህ ሰው ምን ብሎ ያስረዳዋል? የሰብስቤ ፍርሃት የራሱ ፍርሃት ነው፤ ትናንት ቢሆን እሱም ይህንኑ ይል ነበር። ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን ደረቱን እያቃጠለው ነው።

«እኔ ሚስቴን በሰላምታ ቀብሬአለሁ» አለው። አማርኛው እዚህ ላይ ሰንከል አለ፤ የሚፈልገውን ቃል አላገኘም። «ደብዳቤ ቆንጆ ነበር። እሷ ሞተች። ያንተ ልጅ አይሞትም። ሰላምታም እጽፋለሁ፣ እምልልሃለሁ። ግን ታች ነው የምጽፈው።»

ሰብስቤ ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልገባውም፤ የኦቹዶን ዓይን ግን አየ። እጁን ለቀቀ። ለቅቆ ልጁ ራስጌ ተንበረከከና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ግቢው ውስጥ የላንድክሩዘሩ ሞተር ተነሣ።

ኦቹዶ ጻፈ። ተቻኩሎ ነበርና ፊደሎቹ እንደወትሮው አላማሩም። «ቤርሳቤ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ በርዎ ላይ ተኝታለች። እባብ የነደፋት እግሯ በስብሷል። ዛሬ በአውሮፕላኑ ካልሄደች ትሞታለች፤ ሐኪም አረጋግጧል።» ከዚህ በታች አንድ መስመር ጨመረና አጥፎ ለፌበን ሰጣት። ፌበን ቀዩን ፋይል እንኳ አልፈለገችም፤ ወረቀቱን እንደያዘች ሮጠች።

ዘበኛው ሰሌዳውን ተደግፎ ቆሟል። ላንድክሩዘሩ ወደ በሩ ተንቀሳቀሰ፤ ዘበኛው በልማድ መዝጊያውን ሊከፍት ሄደ፣ እጁን ብረቱ ላይ አድርጎ ቀረ። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ሰብስቤ ቀና አላለም። ኦቹዶ በሕይወቱ እንደዚያ የፈራበት ጊዜ ትዝ አይለውም። ነውር የሠራ መሰለው፤ ገና የማያውቃት ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ የጮኸ መሰለው። አባቱን አፈረ። ሴትዮዋ ብትቆጣ፣ ደብዳቤውን ብትመልሰው፣ ሁለተኛዋንም ነፍስ የገደለ እሱ ነው።

የቢሮው በር ተበርግዶ ተከፈተ። ሚስ ኢንግሪድ በባዶ እግሯ ወጣች፤ ጫማዋን እስክታደርግ እንኳ አልጠበቀችም። ቀጥታ ቃሬዛው ጋ መጥታ ተንበረከከች፣ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው። ፊቷ ነጣ። ወደ ሾፌሩ ዞራ የኋላውን ሣጥን አውርድ፣ ወንበሩን እጠፍ ብላ ጮኸች። ከዚያ ኦቹዶን በእንግሊዝኛ ጠየቀችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለችው?»

«ከሰኞ።»

«ከሰኞ! ለምን ማንም አልነገረኝም?»

ፌበን አንገቷን ደፋች። ኦቹዶ ግን፣ «ተነግሮዎታል። እኔ ነኝ ከታች የጻፍኩት» አላት።

ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም። ልጅቷን ከነቃሬዛዋ ጫኗት። ሰብስቤ አብሯት ገባ፤ ሲገባ የኦቹዶን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፣ ኦቹዶ ትከሻውን ይዞ አነሣው። «ሂድ፣ ሂድ» አለው። ሚስ ኢንግሪድ አብራሪውን ራሷ ለማነጋገር ከፊት ተቀመጠች። ደብዳቤው እጇ ውስጥ ተጨማድዷል። መኪናው ሊነሣ ሲል ወረቀቱን ዘረጋችና የመጨረሻዋን መስመር አሁን ገና አነበበች። «ባይ ዘ ዌይ፣ እንዴት አደሩ?» ይላል። እንባ በቋጠረ ዓይኗ ፈገግ ብላ በመስኮቱ አየችው።

«ደህና አደርኩ፣ ሚስተር ኦቹዶ» አለች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። «ባይ ዘ ዌይ፣ ባለቤትዎ እንዴት ናቸው? ለመጠየቅ ስፈልግዎ ብዙ ጊዜ ሆነኝ፤ ግን ተገናኝተን አናውቅም።»

ኦቹዶ እጁ ሳያስበው ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ከጠየቀችው ሊነግራት ይገባል። ከነገራት ደግሞ ከመኪናው ትወርዳለች፤ እንዲህ ያለውን ሰምቶ ሾፌሩን ሂድ የሚል ሰው የለም። አራት ሰዓት ሆኗል። ከኋላ ወንበር የልጅቷ ትንፋሽ ይሰማዋል።

«እጽፍልዎታለሁ» አላት። «አሁን መኪናው ይሂድ።»

ሄደ። ኦቹዶ ጭቃ ላይ የቀረውን የጎማ ዱካ ሲያይ ቆየ። ፌበን ውሃ አመጣችለት፤ ቆሞ ጠጣ። ከዚያ ድልድዩን ተሻግሮ ሥራው ገባ፤ ዘግይቶ በመግባቱ አለቃው ተቆጣው።

ቅዳሜ ጠዋት በድርጅቱ ሬዲዮ መልእክት መጣ። ቤርሳቤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ ሁለት የእግር ጣቷ ተቆርጧል፣ እግሯ ተርፏል፣ ምግብ ጠይቃለች። መልእክቱን ይዛ ወደ በረንዳው የሮጠችው ፌበን ናት። ኦቹዶ ሰምቶ አለቀሰ። ደስታም ነበረበት፣ ሌላም ነበረበት፤ አልደበቀም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮው ባዶ ሲሆን ታይፕራይተሩ ፊት ተቀመጠ። ወረቀት አስገባ። እጁ በልማዱ ለሰላምታው ቦታ ትቶ ሊጀምር ነበር፤ መለሰውና ከገጹ አናት ጀመረ። «ባለቤቴ አጅዋንግ ባለፈው ታኅሣሥ ሞታለች። በኅዳር የጻፍኩልዎ ስለ እሷ ነበር። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው።»

ከሥሩ ብዙ ባዶ ቦታ ቀረ። ከዚህ በታች የሚገባ ትንሽ ነገር ፈለገ፣ አላገኘም። ስለ ዝናቡ ሊጽፍ አሰበና ተወው። ፈረመ። ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ሆነ፤ ጎግ ያለው የአባቱ ግቢም ቢሆን እንዲህ ያለውን መልእክት የሚቀበለው ያለ ሰላምታ ነው።